ከፕሮግራሙ የወደቀች ቁራጭ ወረቀት

ዊኒፍሬድ ባራክላፍ የዓይኗን መድከም ከእንግሊዟ ሃሊፋክስ ከተማ ሰው ሁሉ ስትደብቅ ሁለት ዓመት ሞላት። የምታውቀው ጎረቤቷ ኤልሲ ብቻ ነበረች። ቲያትር ቤቱ እንደ እሷ ላለ የጋዜጣ ሃያሲ ሁለት ወንበር ይሰጣል፤ ኤልሲ ሁለተኛው ላይ ተቀምጣ ከረሜላዋን እየመጠጠች ታንሾካሹክላታለች።

«ሴትዮዋ ገባች። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ የሳሎን መጋረጃ ቀደው የሰፉላት ነው የሚመስለው።»

«ቀሚሱን ተዪውና የባልየውን ፊት ንገሪኝ።»

«እንደኔ ባል ፊት ነው፤ ምንም የለበትም።»

ዊኒፍሬድ፣ ሰው እንደሚጠራት ዊኒ፣ ትምህርቷን ያቆመችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። በሳምንቱ ሱፍ ፋብሪካ ገባች። የሽመና ማሽኑ ጩኸት ስለማያሰማማ ሴቶቹ የሚነጋገሩት ከንፈር ለከንፈር እየተያዩ ነበር። ፊት ማንበብ እዚያ ተማረች፤ ጆሮዋን አለማመንም እንዲሁ። ስላየቻቸው ቲያትሮች ለከተማው ጋዜጣ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች፤ ከሦስተኛው ደብዳቤ በኋላ አምድ ሰጧት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጻፈች። ባልም ልጅም የላትም፤ ያላት የዓርብ አምዷ ነው።

አንድ ረቡዕ ኤልሲን ጉንፋን ጣላትና ዊኒ ለከሰዓቱ ትርኢት ብቻዋን ሄደች። የተዋንያኑ ስም የሚታተምበትን ፕሮግራም ስትገልጥ ቁራጭ ወረቀት እግሯ ሥር ወደቀች። የአይስክሬም ማስታወቂያ መስላት ተወቻት።

ሽማግሌውን አባት የሚጫወተው ሞንታጉ ፔል ነው፤ ስምንት ጊዜ አይታዋለች። የዛሬው ድምፁ ግን ሌላ ሆነባት። ጆሮዋ «ይሄ ሰውዬ ፔል አይደለም» ቢላትም የፋብሪካ ልጅ ናትና ጆሮዋን አላመነችም። አባትየው የሞተ ልጁን ሸሚዝ ሲያጣጥፍ አለቀሰች። ቤቷ ገብታም እንዲህ ጻፈች፦ «ሞንታጉ ፔል ዕድሜውን ሙሉ የደበቀንን ልብ በመጨረሻ አሳየን።»

ዓርብ ጽሑፏ ወጣ፤ ረፋድ ላይ ዋና አዘጋጁ ሆልሮይድ አስጠራት። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

«ዊኒ፣ ፔል ከማክሰኞ ጀምሮ ሆስፒታል ነው። የተጫወተው እኚህ ናቸው፤ ሚስተር ድሩሪ፣ ተጠባባቂው ተዋናይ። በየፕሮግራሙ ውስጥ የተለወጠውን ስም የያዘች ወረቀት አስገብተው ነበር።»

ዊኒ እግሯ ሥር የወደቀችው ወረቀት ትዝ አለቻት።

ሆልሮይድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። አልሄድሽም፣ ከቤትሽ ሆነሽ ጻፍሽ። እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። እቆጣሻለሁ፣ ማረሚያ እናወጣለን፣ አምድሽ ይቀጥላል። አለቀ።»

የማምለጫው በር እንዲህ ተከፈተላት። «አልሄድኩም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

ድሩሪ ወደ እሷ ዞረ። የጋዜጣውን ቁራጭ በሁለት እጁ ይዟል። «ሚስ ባራክላፍ፣ ዘጠኝ ዓመት ተጠባባቂ ነበርኩ። መድረክ የወጣሁት በዚህ ሳምንት ብቻ ነው። ሰኞ እሳቸው ይመለሳሉ። ስሜ ባይጻፍም ግድ የለኝም። እርስዎ እውነት እዚያ ነበሩ?»

ዊኒ ፊቱን ፈለገች። ካሮጌ መስተዋት ጀርባ እንዳለ ሰው ደብዝዞባታል።

«ሸሚዙን ስታጣጥፍ የልጁን ስም ልትጠራ ጀመርክ» አለችው። «ትንፋሽህ ሁለቴ ተቆረጠ። ከዚያ ስሙን ትተህ ‹እጅጌው አጥሮታል› አልክ።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «እንደዚያ ያልኩት እኔ ነኝ። ፔል ስሙን ይጠራሉ።»

«ታዲያ ነበርሽ!» አለ ሆልሮይድ። «ቁጭ ብለሽ እያየሽ ፔልን ከሌላ ሰው መለየት እንዴት አቃተሽ?»

«አይታየኝማ፣ ሆልሮይድ። ሁለት ዓመቴ ነው። አንተንም የለየሁህ በሳልህ ነው።»

ሆልሮይድ የማያይ ሃያሲ ማቆየት እንደማይችል ለመናገር ቃል ሲፈልግ፣ ዊኒ ኮቷን አንስታ በመውጣት ነገሩን አሳጠረችለት።

በሚቀጥለው ዓርብ ኤልሲ ጋዜጣውን ይዛ መጣች። «ማረሚያዋ ሁለት መስመር ናት፤ ከድንጋይ ከሰል ማስታወቂያው ሥር። ‹ባለፈው ሳምንት የአባትየውን ገጸ ባሕርይ የተጫወቱት ሚስተር ኬነዝ ድሩሪ ነበሩ› ይላል።»

«ስለ ልቡ የጻፍኩትስ?»

«የለም።»

«አገላብጪው እስቲ።»

ኤልሲ አገላበጠችው። በዊኒ አምድ ቦታ የእግር ኳስ ውጤት ገብቷል። ይህንን ግን አልነገረቻትም።