የተደፈነው ቧንቧ

ቤታችን አሜሪካ፣ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ነው፤ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ የእንጨት ቤት። የሚሞቀው ምድር ቤቱ ውስጥ በቆመ ቦይለር ነው። ቦይለሩ ውሃ ያሞቃል፣ የሞቀው ውሃ በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ ያሉትን ራዲያተር የሚባሉ የብረት ማሞቂያዎች ያግላል። ስንገዛው ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ባለፈው ኅዳር፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሳምንት ሲሞላው፣ ልብስ ላጥብ ወርጄ ካልሲዬ ሲርስ ነው። ከቦይለሩ ጎን ወጥቶ ወደ ወለሉ የተዘቀዘቀ ቧንቧ አለ፤ ጫፉ ክፍት ነው፤ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ሳፋ ደቀንኩበትና ወጣሁ። ጠዋት ስወርድ ሳፋው ሞልቶ ይፈስሳል።

ጤነኛ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ባለሙያ ይጠራል። እኔ ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንደ ወሬ አነሳሁት። እኛ ዘንድ ሕመምም ይሁን የመኪና ብልሽት መጀመሪያ እዚያ ካልተወራ የደረሰብን አይመስለንም። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር።

ጋሼ የሟች አባቴ ጓደኛ ናቸው። ሆሳዕና ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። አሜሪካ ከመጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ፌደራል ዌይ፣ ልጃቸው ዘንድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አይ ፋይቭ በሚባለው አውራ ጎዳና የሚያልፈውን መኪና ሲያዩ ይውላሉ። የሙያ ፈቃድ የላቸውም፣ እንግሊዝኛ የላቸውም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ «ጋሼ፣ ይህችን አጥብቁልኝ» ብሏቸው አያውቅም።

«እኔ ቆሜ እየሄድኩ ፈረንጅ ልትጠሪ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን ላስቸግር አልፈለግኩም» አልኩ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ሌላ ሰው መጥራት ፊት ለፊት መስደብ ነው።

ማክሰኞ ልጃቸው አድርሳቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። ከአገር ሲመጡ በሻንጣ የያዙትን ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል፤ የቧንቧ መፍቻቸውንም ይዘዋል። ቦይለሩን ዞር ዞር እያሉ አዩት፣ በመፍቻው ጀርባ ቀስ ብለው መቱት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ነክተው እንደማያውቁ ያስታውቅ ነበር፤ ሆሳዕና ማን ቤት ያሞቃል? የሚያፈስ ቧንቧ ግን ያውቃሉ። ጫፉ ላይ ቴፍሎን ጠመጠሙ፣ ታፖ የሚሉትን የብረት መድፈኛ ገጠሙበት፣ ባላቸው ጉልበት አጠበቁት። ጠብታው ቀጥ አለ።

«አለቀ?» አልኳቸው።

«አለቀ። መውጫ ያጣ ውሃ ምን ያመጣል?»

ምሳ በሉ፣ ቤቱን መረቁ፣ ልጄን መረቁ። በክረምት ጎርፍ የከተማው ዋና መስመር ተበጥሶ ወገባቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው እንዴት እንደጠገኑት አወሩልኝ። ሲያወሩ እጃቸው አብሮ ይሠራ ነበር። ያን ቀን ያየኋቸውን ጋሼ እዚህ አገር አይቻቸው አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ቦይለሩ ማንኳኳት ጀመረ። ወርጄ ሳይ የግፊት መለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ደርሷል፤ ከላይ በኩል ካለ መገጣጠሚያ ውሃ ይረጫል። ፍርሃቴ ይሉኝታዬን አሸነፈውና ባለሙያ ጠራሁ። ሰውዬው ታፖውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ቦይለሩን አጠፋ፣ ቀጥሎ እኔንና ልጄን ከምድር ቤቱ አስወጣን። ሲቀዘቅዝ ጠራኝና አስረዳኝ። ያ ቧንቧ ግፊት ሲበዛ የሚከፈተው የሴፍቲ ቫልቩ መተንፈሻ ነው። የተበላሸው ሌላ ነው፤ ውሃው ሞቆ ሲሰፋ ትርፉን የሚቀበለው ታንክ። ታንኩ ሥራ ስላቆመ ግፊቱ በበዛ ቁጥር ቦይለሩ በዚያ ቧንቧ ይተነፍስ ነበር።

«ይህ መቼም ቢሆን አይደፈንም» አለኝ። «ቦይለሩ ቢፈነዳ ከላይ ያለው ክፍል አይተርፍም። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«የድሮው ባለቤት ይመስለኛል» አልኩት።

ታንኩን ቀይሮ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ሄደ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች።

«ማም፣ ዩ ሃቭ ቱ ቴል ሂም።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።»

«ዌን?»

ሳፋውን አንስቼ ወደ ላይ ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ በዘጠኝ ዓመት አንዴ ደስ ቢላቸው ያንን የምቀማቸው እኔ ልሁን? ያኔ ራሴን እንደ ደግ ሰው ነበር የማየው። ዛሬ ግን ዓይናቸውን ማየት ፈርቼ እንደነበር አውቃለሁ።

በየሐሙሱ መደወል ጀመሩ።

«ልጄ፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ?»

«አንዲት ጠብታ የለም ጋሼ። እጅዎ ይባረክ።»

ውሸት አልነበረም፤ አንዲት ጠብታ አልነበረም። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ሦስት ሳምንት ሞላ። ሦስተኛው ሐሙስ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኖ መጣ።

«አንድ ነገር ልንገርሽማ። ታኮማ ያለችውን ባሏ የሞተባትን ልጅ ታውቂያታለሽ አይደል? የሷም እንዳንቺው ያፈስ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ደፈንኩላት። ያንቺው መጽናቱን ካየሁ በኋላ ነው የደፈርኩት፤ ሳላረጋግጥ የሰው ቤት አልነካም።»

 ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ይደውሉላት። አሁኑኑ ታጥፋው።»

«ምኑን?»

«ቦይለሩን። የኔ አልጸናም። ያ ቧንቧ አይደፈንም፣ ይፈነዳል። ቴክኒሺያን ኮል አድርጌ ነበር፣ እሱ ነው የነገረኝ። ሶ… ልነግርዎት ፈልጌ…» እየተንተባተብኩ ጨረስኩት።  

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እርስዎ በሠሩ በአራተኛው ቀን።»

«እሺ» አሉና ዘጉት።

ወዲያው ወደ ፌደራል ዌይ ነዳሁ፤ ለሴትየዋ ደውለው ነግረዋት ደጃፍ ላይ ቆዩኝ። ከዚያ ይዣቸው ታኮማ ሄድኩ። ሴትየዋ ቦይለሩን አጥፍታ፣ ለባለሙያ ደውላ፣ ሁለቱን ልጆቿን ጃኬት አልብሳ በረንዳው ላይ ትጠብቀን ነበር። ጋሼ ከመኪና ሲወርዱ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«የማላውቀውን ነገር ነካሁብሽ ልጄ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አሏት፤ በልጆቿ ፊት። የኔን ነገር አላነሱም።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን አጠፉና» አለች። እጇ ግን ትንሹን ልጅ ወደ ጉያዋ አጥብቆ ይዞት ነበር።

ባለሙያው መጥቶ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ ተከትለን ወረድን። ከቦይለሩ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ግድግዳው ሥር፣ የሕፃን ፍራሽ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ላይ የፕላስቲክ መኪና ተኝታለች። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እዚያ ስለሆነ ትንሹ ከቀትር በኋላ የሚያንቀላፋው እዚያ ነው አለችን። ጋሼ ፍራሹን አይተው ወጡና ዝናብ ላይ ቆሙ። ይግቡ ብላቸው አልሰሙኝም።

ስንመለስ ልጃቸው ቤት ደጃፍ ላይ መኪናውን አቆምኩ። ቶሎ አልወረዱም።

«ፍራሹን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ያን ቀን ብትነግሪኝ አፍር ነበር» አሉኝ፣ ወደ ፊት እያዩ። «በጣም አፍር ነበር። አንቺ ቤት ብቻ አፍሬ እመለስ ነበር። በሐፍረት የሞተ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

 ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ትንሽ ሆነብኝ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ደረጃውን ወጡ።

አሁን የምደውለው እኔ ነኝ። ያነሳሉ፤ ልጄን ይጠይቃሉ፣ ሥራዬን ይጠይቃሉ፣ ይመርቁኛል። ስለ ቤቱ ጠይቀውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «ጋሼ፣ ተቀይመውኛል?» አልኳቸው። «ምን አጠፋሽና ልጄ» አሉኝ፤ ያውም በፍቅር። እውነታቸውን ይሁን ሊያሳዝኑኝ ፈርተው ላውቅ አልቻልኩም፤ ሁለተኛ መጠየቅም አልቻልኩም።