የባለመርዙ ጉርጥ

ባለመርዙ፣ ባለመርዙ ከመባሉ በፊት ምንም አይባልም ነበር። ሥራው ፓምፕ መጠገን ነው። ፓምፕ ጠጋኝ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ብቻ ትዝ የሚል ሰው ነው፤ ውሃው ሲመጣ ሁሉም ወደ ባልዲው ይሮጣል እንጂ ወደ እሱ የሚዞር የለም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቱ ይገቡበታል። ወሬ ሲጀምር ሌላው ይቀማዋል። ሚስቱ እንኳ "አንተ ቤት መኖርህ የሚታወቀው ጫማህ ሲያደናቅፈን ነው" ትለው ነበር።

ከዚያ ሻለቃ መጣ።

ሻለቃ ጉርጥ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ረግረግ፣ ሸምበቆ ሥር የሚኖር፣ አገሬው "አትንኩኝ" የሚለው ዓይነት። ሰውነቱ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል፤ በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ግን እንደ ማዕረግ የተሰፉ የሚመስሉ ቢጫ መስመሮች አሉት። ሌላው ጉርጥ ሰው ሲያይ ይዘላል። አትንኩኝ አይዘልም፤ ቁጭ ብሎ ያያችኋል። ሽመላ እንኳ እግሯን አንስታ ታልፈዋለች። ሲነኩት ከጀርባው እንደ ወተት ያለ ነገር ያወጣል፤ የነካው እጅ እስኪመሽ የራስ አይሆንም። የቀመሰው ውሻ ደግሞ፣ ሳር አጫጆቹ እንደሚሉት፣ ስለ ጣዕሙ ለማውራት ጊዜ አያገኝም።

ጠጋኙ ያገኘው ረግረጉ ዳር ያለ የመስኖ ፓምፕ ሊጠግን ሄዶ ነው። ውሃ የሚስበው ቱቦ ተደፍኗል። ማየት ሲገባው እጁን ሰደደ፤ ፓምፕ ጠጋኝ ከዓይኑ ይልቅ ጣቱን ያምናል። ለስላሳ ነገር ነካ። ጨርቅ መስሎት ጎተተ። ጨርቁ ዓይን ነበረው።

ቤቱ የገባው አንድ እጁ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ በሌላው እጁ ጉርጡን በዘይት ጣሳ ይዞ ነው።

"ይሄን ለምን አመጣኸው?" አለች ሚስቱ።

"ሳየው አልሸሸኝም።"

"እኔስ መቼ ሸሸሁህ? ግን ጣሳ ውስጥ አልከተትከኝም።"

የመስታወት ሳጥን ሠራለት፣ ጠጠር አነጠፈለት፣ ትከሻውን አይቶ ሻለቃ አለው። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ የጠጋኙም ስም ባለመርዙ ሆነ። ዳቦ ቤት ሲደርስ ሰልፉ ይከፈትለት ጀመር። ሲያወራ ሰው ያዳምጠዋል፤ የሚጨብጠው ግን ጠፋ፣ ሰላምታው ሁሉ በአንገት ሆነ። እሱም ሳጥኑን ሲያጥብ እስከ ክርኑ የሚደርስ ቀይ የጎማ ጓንት ያጠልቃል፤ ሲጨርስ መንገደኛ እንዲያየው መስኮቱ ላይ ያሰጣዋል።

ሚስትም ተጠቀመች። የባሏ ታላቅ እህት ለሁለት ቀን ብላ መጥታ ወቅት እስኪለወጥ የምትከርም፣ ድስት ከፍታ "ጨው አንሶታል" የምትል ሴት ነበረች። ሻለቃ ከገባ ወዲህ ዝር አላለችም። ሚስት በስልክ "እትዬ፣ ብቅ ይበሉ እንጂ፤ ከሳጥኑ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው" እያለች ትጋብዛታለች።

አንድ ቀን ጠጋኙ ጓንቱን ሲያወልቅ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ አየ። ጣቱ ረጥቧል። ቁጭ ብሎ መደንዘዙን ጠበቀ። አልደነዘዘም። በማግስቱ በባዶ እጁ ነካው፤ ሻለቃ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ ምንም አላወጣም። ነገሩ ቢከነክነው ረግረጉ ዳር አንድ ሳር አጫጅ ጠየቀ።

"እዚህ ምንድን ነው የሚበላው?"

"ሸምበቆ ሥር ያለውን ቀይ ጉንዳን። መርዙም ከዚያው ነው። አንተ ምን ትሰጠዋለህ?"

"በረሮ።"

"በረሮ በልቶ ማን መርዝ ይሆናል?"

ጠጋኙ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተመለሰ። ጓንቱን አልተወም። እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ቀስ እያለ፣ ጣት በጣት ማጥለቅ ጀመረ።

ከሆዱ ያስወጣችው ሴት ልጁ ናት። የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ወለደች፤ ከዚያም ደወለች። "አባዬ፣ ሕፃን ይዤ መርዝ ያለበት ቤት አልገባም። ወይ እሱን ወዳመጣህበት መልሰው፣ ወይ ልጁን በፎቶ እየው።"

ሻለቃን በዚያው ጣሳ ይዞ ረግረጉ ድረስ ሄደና ክዳኑን ከፈተ። ሽመላዋ ሸምበቆው ዳር በአንድ እግሯ ቆማለች። ሻለቃ እንደ ልማዱ አልዘለለም፤ ትከሻውን አሳይቶ ቁጭ ብሎ ያያታል። መርዙ ማለቁን እሱ ራሱ አያውቅም። ጠጋኙ ያውቃል። ሽመላዋ ደግሞ አንዴ ብትሞክር ታውቃለች።

"በስም ብቻ የምንኖር ሁለት ሆንን ማለት ነው" አለውና ክዳኑን ዘግቶ ይዞት ተመለሰ።

ሴት ልጁ እመጣለሁ ባለችው ቀን መጣች። ሕፃኑን ታቅፋ ከበር ውጪ ቆመች።

"መለስከው?"

"አልመለስኩትም።"

"እንግዲያው እኔ ልመለስ።"

ጠጋኙ ገባና ሻለቃን በባዶ እጁ ይዞ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ብቅ ብሏል። ሚስቱ መርዙ ማለቁ ገብቷት "አንተ ሰውዬ፣ ቢያንስ ጓዳ ግባና አድርገው" ስትል አልሰማትም። የሻለቃን ጀርባ ከአንገቱ እስከ ጭራ አጥንቱ ላሰው።

ሰዉ ወደኋላ አለ። የሚወድቅበትን ቦታም ለቀቀለት። አልወደቀም።

"ምን ምን ይላል?" አለች ልጁ በመጨረሻ።

"በረሮ በረሮ።"

"እኛ በሳጥኑ ጥግ በእግር ጣታችን ስናልፍ መርዝ እንደሌለው ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ጓንቱስ?"

"ጓንቱ ያምርብኝ ነበር።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ "በል እጅህን ታጠብና ያዘው" አለችው። "አፍህንም።"

ሕፃኑ ክንዱ ላይ ሆኖ ቁጭ ብሎ እንደሚያይ ጉርጥ ትክ ብሎ አየው። አልሸሸውም። ጠጋኙ የዚያን ቀን ከማንም ጋር ወሬ አልጀመረም፤ የሚቀማውም አልነበረም።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ከፊቱ ገቡበት። አንዱ "ሻለቃ ጡረታ ወጣ አሉ" አለው። ሳምንት ሳይሞላ ታላቅ እህቱ ሁለት ሻንጣ አስጎትታ መጣች፤ ሻለቃን በጣቷ ጎሸም አድርጋው በቀጥታ ወደ ጓዳ አለፈች። የድስት ክዳን ድምፅ ተሰማ።

ሚስቱ ባዶውን የዘይት ጣሳ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ቀይ ጉንዳኑ ያለው ሸምበቆ ሥር ነው አላልክም?"

"ሕፃኑስ?"

"ሕፃኑ ሊመጣ ሲል ሻለቃን በረሮ እናበላዋለን።"