የአራት ሰዓት ፈጢራ

«ጥላው ሥር ቆየኝ፣ ጥላው ሥር…» ትላለች አንዲት ልጅ ፈጢራዋን ስትጠብቅ፤ ከዚያ ቃሉ ይጠፋታል፤ ቀሪውን በዜማ ብቻ ታንጎራጉረዋለች። መጨረሻውን ልስማ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ በዛምዛም ፈጢራ ቤት ሻይ አዘወተርኩ።

ልጅቷ ስልኳ አራት ሰዓት ላይ ሲጮህ ትደርሳለች። በዚህ የድሬ ሙቀት ጣቶቿን የሚሸፍን ሹራብ ትለብሳለች፤ ፈጢራውን ቆማ እስከ ግማሹ ድረስ በልታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ለዛምዛም ስትነግራት ሰምቻለሁ፦ «ሁለት ዓመት ራሴን አስርቤ ነው የታመምኩት። ሐኪሜ ራብ እስኪመጣ አትጠብቂ፣ በሰዓቱ ብዪ ብሎኛል።»

ዛሬ ስልኳ ሳይጮህ መጣች።

«ገና ሦስት ተኩል ነው፤ ግን ራበኝ» አለች፣ እንዳጠፋ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከጀመርኩ በኋላ ማቆም ቢያቅተኝስ?»

«አቦ፣ ራብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀጠሮ የሚያከብረው?» አለች ዛምዛም ሊጡን በእጆቿ እያሳሳች። «ስትጠግቢ ታቆሚያለሽ። እስክትጠግቢ ሊጥ አለኝ፤ ተቀመጪ እህቴ።»

ልጅቷ በርጩማውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ቀጭን አንጓዋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስልኳን ደፍታ ተቀመጠች።

የዘፈኑን መጨረሻ ዛሬም አልሰማሁም፤ አፏ ማር በነካው ፈጢራ ሞልቶ ነበር።