በሁዳዴ የሚሰበር እንቁላል

አባቴ ሬዲዮን አያምንም ነበር፤ ግን ያለ ሬዲዮ መኖርም አይችልም። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚከፍተው። ዜና አንባቢው ገና ጉሮሮውን ሳይጠርግ «ውሸታም!» ይለዋል። የዘንድሮ የጤፍ ምርት ከዕቅድ በላይ ነው ከተባለ ወደ እናቴ ዞሮ «በይ፣ ጤፍ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ነገ በጠዋት ሄደሽ ተሰለፊ» ይላታል። ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። የጦር ሜዳው ዜና ድል በድል የሆነ ቀን ግን አይሳደብም፤ ራሱን ይነቀንቅና ዝም ይላል። ያን ቀን ራት አይበላለትም።

አመሻሹ ላይ ደግሞ የውጭ ጣቢያ ፍለጋ ይገባል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ከሬዲዮኑ ላይ ይለጥፋል፤ ከጩኸቱና ከጭረቱ መሐል አንድ ሁለት ቃል ይለቅምና «እነዚህ ናቸው እውነቱን የሚናገሩት» ይላል።

እናቴ ይሄ አይዋጥላትም። «እውነቱን የሚነግሩህ አዝነውልህ ነው? እነሱንም ደመወዝ የሚከፍላቸው አለ። የዚህኛው ጌታ ቅርብ ነው፣ የዚያኛው ጌታ ሩቅ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።»

«አንቺ ፖለቲካ አይገባሽም።»

«ተመስገን ነው!»

በቅርቡ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ አጠገቤ ያሉ ወጣቶች ስለ ሚዲያ ወገንተኝነት፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጌም ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ከየት አመጡት ብዬ ነው የገረመኝ። እኛ ቤት ሦስቱም በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ግድግዳ ምክንያት ነው የገቡት።

ግድግዳው ይኸውላችሁ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ነበርን። ከጎረቤታችን የሚለየን ምርጊቱ የረገፈ ጭቃ ነበር። እናቴ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ አባቴ አንብቦና ሰድቦ የጨረሰውን ጋዜጣ ከላይ እስከ ታች ለጠፈችበት። «ይሄ ጋዜጣ ቁም ነገር ሠርቶ ያውቃል ከተባለ ንፋስ መከልከሉ ነው» ይል ነበር አባቴ። ድምፅ ግን አይከለክልም። ሽታም አይከለክልም።

ከግድግዳው ወዲያ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። እኔ እትዬ ነበር የምላት። ከእናቴ ጋር የአንድ ጽዋ ማኅበርተኞች ነበሩ፤ እኅትማማች የሚመስሏቸው ሰዎችም ነበሩ። ታዲያ አንድ ዓመት እትዬ ማኅበር ቀረች። እናቴ ታማ መስሏት ልትጠይቃት ብትሄድ «ጌታን ተቀበልኩ» አለቻት።

«እስከ ዛሬ ታዲያ ማንን ተቀብለሽ ኖሯል?» ብላት ወጣች እናቴ። ከዚያ ወዲህ በሩቁ እጅ ይነሣሣሉ እንጂ አንዷ የአንዷን ደጃፍ አልረገጠችም።

እናቴን የሚያበግናት ግን ሃይማኖቱ ብቻ አልነበረም፤ እንቁላሉ ነው። እትዬ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ሁዳዴን አትጾምም፤ ጠዋት ጠዋት ለልጆቿ እንቁላል ትጠብሳለች። ሽታው ጋዜጣውን አልፎ፣ ሽሮ ላይ አቀርቅረን በተቀመጥንበት ይመጣብናል። «ሆን ብላ ነው! እኔን ለማቃጠል ነው!» ትላለች እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ በደንብ አድርጌ ነበር የምስበው።

የነሱ ጸሎት ቤት ከታሸገ ቆይቷል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያሰፉት ልብስ እንዳላቸው ሁሉ በፌስታል ጨርቅ እየያዙ እትዬ ቤት ይሰበሰባሉ። እትዬ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጣለች፣ ሌሎቹ በለሆሳስ ይዘምራሉ። ወዲያኛው ሰፈር እንዲህ ሲሰበሰቡ የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ገና አልተፈቱም። የእትዬ ቢታወቅ እሷ ትታሰራለች፣ ቤቱ የቀበሌ ነውና ይወሰዳል፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ይህን ግቢው በሙሉ ያውቃል፤ የሚያወራው ግን የለም።

መዝሙሩ ሞቅ ሲል ታዲያ አባቴ ብድግ ይልና ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ሰልፉ፣ መፈክሩ፣ ማርሹ ቤቱን ይሞላዋል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «የነሱን ዜማ ከምሰማ ይሄንን ውሸታም ብሰማ ይሻለኛል» አለኝ። ዋሽቶኝ ነው።

ጌሙ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የአክስቴ ልጅ ከአንድ ሶሻሊስት አገር ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ለኔ ያመጣልኝ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ዕቃ ነበረች፤ ክኒን በመሰለች ባትሪ ትሠራለች። መስታወቷ ላይ አንድ ባለ ቅርጫት ሰውዬ አለ። ከግራና ከቀኝ ቆጥ ላይ ዶሮዎች ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይንከባለላል፤ እኔ ቁልፉን እየተጫንኩ ሰውዬውን አዙሬ መቅለብ ነው። ካመለጠኝ ይሰበራል። ቴሌቪዥን እንኳ በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ ጉድ ሲገባ አስቡት! ስሟ በማናውቀው ፊደል ስለተጻፈ «እንቁላሉ» አልናት።

አባቴ ገና ሲያያት «ይሄ ማደንዘዣ ነው» አለ። «ሬዲዮኑ ቢዋሽም ዓይንሽን ይተውልሻል። ይሄ ዓይንሽንም እጅሽንም ወስዶ ምን ሰጠሽ?» እትዬም በልጆቿ በኩል ሰምታ፣ ዓለማዊ ነገር ነው፣ እንዳትነኩ ብላቸዋለች። እናቴ ይህን ስትሰማ «አሁን ገና እውነት ተናገረች» አለች። ሁለቱ ከተቀያየሙ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው።

ብዙም ሳልጫወትባት ሁዳዴ ገባ። የቅበላ ማግስት እንደተለመደው ጢጥ ጢጥ ሳደርግ እናቴ ከጓዳ ወጥታ ከላዬ ቆመች።

«ምንድን ነው የምትለቅሚው?»

«እንቁላል።»

«በሁዳዴ?»

«እማዬ፣ እኔ መቼ በላሁት?»

«መቅለብሽ አይደል ጉዱ! ቀልበሽ ምን ልታደርጊው ነው?»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ እሷ ግን ከልቧ ነው። ጉዳዩን ለንስሐ አባታችን አቀረበችው። አባ ጸበል ሊረጩ መጥተው ዕቃውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አዩት። ሲጮህባቸው አማተቡበት።

«ይበላል?» አሏት።

«ኧረ አይበላም አባቴ።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«እንግዲያስ እንቁላል አይደለም።» ቀጥለው ግን የእናቴን ፊት አዩና «ልብሽ ከጠረጠረው ለፋሲካ ይቆይ። ጾም እኮ የሆድ ብቻ አይደለም ልጄ፤ ዓይንም ይጾማል፣ አንደበትም ይጾማል» አሉ።

በቃ። ጌሟ እናቴ ሳጥን ውስጥ ከሐር ጥበቧ ጋር ተቆለፈባት፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው። ይባስ ብሎ «አንደበትም ይጾማል» የምትለዋን ይዛ ቤቱን አመሰችው። አባቴ ሬዲዮኑን «ውሸታም!» ሲል ከጓዳ «አንደበት!» ትላለች። እኔ ምስኪኗን መምህሬን ሳማ «አንደበት!» የትምህርት ቤታችን በረኛ መጥፎ ጠረን አለው ስል «አንደበት!» እሷ ራሷ ያን ጾም ሙሉ ክፉ ቃል ሲወጣት አልሰማሁም። እንቁላል ጥብሱ ሲመጣባት እንኳ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ነው።

ፋሲካ እየተቃረበ ሳለ በአንዱ ቅዳሜ አባቴ ጦር ኃይሎች አካባቢ ለቅሶ ሄደ። የሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ አልቋል፤ ሲመለስ ሊገዛ ነው። እናቴ በራፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እኔ ውስጥ ነኝ። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ይንኳኳል፣ መዝሙሩም ይሰማል፤ ሬዲዮ ስለሌለ ያለወትሮው ጥርት ብሎ ይሰማል።

የግቢው በር ተንኳኩቶ መልስ ሳይጠበቅ ተከፈተ። ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ወጣት ነው፣ ሰፈሩ ያውቀዋል።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? ከዚህ ግቢ መዝሙር ይሰማል የሚል ጥቆማ ደርሶናል።»

ልክ ይህን ሲል አንዲት ሴት ከግድግዳው ወዲያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሦስታችንም ሰማን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ «የልጄ ጨዋታ ነው» አለች። «ከውጭ የመጣላት። በባትሪ የሚዘፍን።» ዘወር ብላም በረዥሙ ጮኸች፦ «አንቺ! አጥፊው አላልኩሽም? ቀበሌ መጥቷል፣ አጥፊው!»

ጌሟ ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈች ናት፤ የምትጮኸው ለግድግዳው እንደሆነ ገብቶኛል። መዝሙሩ ቀጥ አለ። መኪናው ብቻ መንኳኳቱን ቀጠለ። እናቴ «የዘንድሮ ልጅ እኮ ጆሮ የለውም!» እያለች ሰተት ብላ ገባች፤ ሳጥኑን ከፈተች፤ የቁልፉ ድምፅ እንዳይሰማ እርግማኗን አበዛችብኝ። ጌሟን እጄ ላይ ጣል አድርጋ ወደ በራፉ ገፋችኝ።

ጠባቂው እንዲህ ያለ ዕቃ አይቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚቀለብ አሳየሁት። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ተቀበለኝ፤ ምላሱን አውጥቶ አንድ ሁለት ቀለበ፣ ሦስተኛው አመለጠው፣ ሌሎቹም ተከታትለው ተሰባበሩ። «አይ!» አለ እንደ ሕፃን። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ እኮ ጢጥ ጢጥ ነው የሚለው። እኔ የሰማሁት የሰው ድምፅ ነው።»

«የሚዘፍነው ሲሸነፍ ነው» አለች እናቴ። «አንተ መቼ አሸነፍከውና!»

ሳቅ አለ፤ ግን አልሄደም። ጌሟን መለሰልኝና ወደ እትዬ በር አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት፣ «እናቴ» አላት፤ «እርስዎ ጾመኛ ነዎት፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅዎታል። ከዚያኛው ቤት ሰው ይሰበሰባል? እርስዎ አይ ካሉኝ አልገባም፣ እሄዳለሁ።»

ፈራሁ። ያን ሁሉ ሳምንት «አንደበት!» ስትል የከረመች ሴት ናት። በዚያ ላይ የዚያች ሴት እንቁላል እንዴት እንዳቃጠላት አውቃለሁ። እናቴ ሰፌዱን አነሳች፤ ምስሩን አንዴ አንገዋለለችው።

«ልብስ ሊያሰፉ ነው የሚመጡት። ፋሲካ ደርሶ የለ?»

«ሌላ ነገር የለም?»

ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። «አንተ ልጅ፣ በሁዳዴ እዋሻለሁ?»

«ኧረ ይቅርታ እናቴ» ብሎ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ የስፌት መኪናውም ቆመ። ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ፌስታላቸውን እንደያዙ ወጡ። መጨረሻ ላይ እትዬ በደጃፋችን ቆመች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል። አፏን ስትከፍት እናቴ ቀደመቻት።

«ምን ያስለቅስሻል? ድምፃችሁን ቀንሱ! ደግሞ በሁዳዴ እንቁላል አትጥበሺብኝ፤ ሽታው ጋዜጣውን አልፎ ይመጣል።»

«እሺ» አለች እትዬ።

«ለልጆቹ ከሆነ መስኮቱን ክፈቺ።»

«እሺ።»

ጉንጯን ሰጠቻት። እትዬ አገላብጣ ሳመቻትና ሄደች። እናቴ ወደ ምስሯ ተመለሰች፤ የለቀመችውን ነበር እንደገና የምትለቅመው።

አባቴ ሲመጣ ድንጋይ ይዞ መጣ። የሆነውን ነገርኩት፤ አንዴ እናቴን አየ፣ አንዴ ግድግዳውን አየ። ድንጋዩን ቀይሮ ሬዲዮኑን ከፈተ። ዜናው እየተነበበ ነው፤ ሁሉ ነገር በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው።

«ውሸታም!» አለ አባቴ።

እንደ ልማዳችን ሁለታችንም «አንደበት!» የምትለውን ጠበቅን። ዝም አለች። አባቴ ዞር ብሎ አያት።

«ተወው እሱን ዛሬ» አለች። «እንጀራው ነው።»

ከዚያ እጇን ወደኔ ዘረጋች። «እንቁላሉን አምጪው።»

«እማዬ፣ ፋሲካ እኮ ገና ነው።»

«አምጪው አልኩሽ። እኔ ገድፌያለሁ።»

ሰጠኋት። የትኛውን እንደምትጫን አላሳየኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ጌሟን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንቁላሎቹ እየተንከባለሉ ሲሰበሩ አንዱንም ሳትቀልብ ታያቸው ነበር።