አማቴ ግፊት ሊያስለኩ የገቡበት ቤት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። በዘገባ ሥራ ብዙ ድንጋጤ አይቻለሁ፤ ይሄኛውን ግን ባስታወስኩት ቁጥር ያስቀኛል።

እዚህ ባሕር ማዶ በምንኖርበት ከተማ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ኢንተርቪው ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ባለቤቴ ደወለች።

«አባዬ የለም! ስልኩን ጥሎ ነው የወጣው። መድኃኒቱንም አልዋጠም።»

አማቴ አቶ ደምሴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር። ደም ግፊት አለባቸው። ቤት ያለው መለኪያ ስለተበላሸ «ሳልለካ አልውጥም» ብለው አኩርፈዋል። እንግሊዝኛቸው ከ«ታንክዩ» ብዙም አያልፍም።

ሎውሪ፣ ሰፈራችን ደርሼ መኪናዬን ፓርክ አደረግኩና በእግር ፍለጋ ጀመርኩ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አንድ ቤት ደጃፍ ነጭ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ በመሃሉ ትልቅ ቀይ መስቀል አለበት። ከሥሩ የአማቴ ከዘራ ግድግዳውን ተደግፏል።

በሩን ሳንኳኳ አምቡላንስ ለመጥራት ስልኬን በእጄ ይዤ ነበር። አንዲት ነጭ አሮጊት ከፈቱልኝ። ከውስጥ የአማቴ ድምፅ ተሰማ።

«ና ግባ ልጄ! ጥሩ ክሊኒክ ነው፣ ወረፋ የለውም። ክንዴን ዘረጋሁላቸው፣ ጨበጡኝ። እንደገና ዘረጋሁ፣ ዓሣ አቀበሉኝ።»

እጅጌያቸውን ጠቅልለው ትልቅ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠዋል። ስምንት ሰሃን ተደርድሯል፤ ሰባቱ ባዶ ነው።

ሴትዮዋ ማርጋሬት ይባላሉ፤ እንግሊዛዊት ናቸው። የአገራቸው ጠባቂ ቅዱስ የሚታሰብበት ቀን ስለሆነ የአገራቸውን ባንዲራ ሰቅለው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ነበር። አንድም ሰው አልመጣም።

«ባንዲራውን ላወርድ ስነሳ እሳቸው ገቡ» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

ቅዱሱ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጊዮርጊስ ነው። ስተረጉምላቸው አማቴ ከወንበራቸው ተነሱ። የክርስትና ስማቸው ገብረ ጊዮርጊስ ነው።

«የኛው ጊዮርጊስ? እንግሊዝ አገር ምን ሊሠራ ሄደ?»

ማርጋሬት ሳቁ። «እሱማ አገራችንን ረግጦም አያውቅም፤ የቀጰዶቅያ ሰው ነው ይባላል። ሻዩም ከቻይና የመጣ ነው። ዓሣ መጥበሱን ያስለመዱን ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው ይላሉ። የኛ የምንለው ሁሉ መጀመሪያ እንግዳ ሆኖ ነው የገባው።»

ልማዴ ነውና በኋላ አጣራሁ። አልተሳሳቱም።

«እንግዲያው እኔም እንግዳ ነኝ» አሉ አማቴ፤ «አንድ ዓሣ ይጨመርልኝ።»

ስደውልላት ባለቤቴ ሦስቱን ልጆቻችንን ይዛ መጣች፤ እግረ መንገዷንም አዲስ መለኪያ ገዝታለች። አማቴ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተለኩና መድኃኒታቸውን በእንግሊዝ ሻይ ዋጡ። ከሰባቱ ባዶ ሰሃን ስድስቱ ሥራ አገኘ።

የጊዮርጊስ በዓል በነሱም በኛም ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነው፤ በኛ አቆጣጠር ግን የሚውለው ከነሱው ስምንት ቀን ዘግይቶ ነው። ያን ቀን ማርጋሬት ነጠላ ተውሰው ቤተ ክርስቲያን አብረውን ቆሙ።

ዘንድሮም ቤታቸው ተጠርተን ሄድን። አሁን ወንበር አልበቃም፤ ጎረቤቱ መጥቷል። ከሻዩና ከዓሣው መሃል ማርጋሬት ራሳቸው የገዙት የግፊት መለኪያ ተቀምጧል። አማቴ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ሲለኩ፣ አንድ አዲስ ጎረቤት ይህ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

«የቆየ የእንግሊዝ ባህል ነው» አሉት ማርጋሬት፣ ፍንክች ሳይሉ።

የሰውን ስሕተት ማረም ሥራዬ ነው። ያን ዕለት ግን እጅጌዬን ጠቅልዬ ወረፋ ያዝኩ።