እየተሳደብኩ የፈለጥኩት እንጨት

አምብሮዝ በየመስከረሙ ታንኳውን ይዞ ብቻውን ወደ ሰሜን ይሄዳል። ስድስት ሐይቅ ነው። አንዱ ሲያልቅ ታንኳውን አናቱ ላይ ደፍቶ ጫካውን ያቋርጥና ቀጣዩን ይቀዝፋል። የተወለደበትን ሐይቅ አይቶ ይመለሳል፣ በቃ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጆቹ በሞተር ጀልባ እናድርስህ ሲሉት፣ ሞተር እያጓራ ዳክዬዎቹ የሚሉትን እንዴት ልስማ ይላቸዋል። ግትር ነው። እኔም ከእሱ አላንስም።

የተጣላነው በሥጋ ነው። አምና በጥቅምት ግዙፍ አጋዘን ጥሎ ለመንደሩ አከፋፈለ። እኛ ዘንድ ያደነ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ባሏ የሞተባትን ነው። እኔም ባሌ ሞቶብኛል፤ የእኔን በር ግን ያንኳኳ የለም። ለካ ለልጄ ቤት ሲልክ ለእኔም የላከ መስሎታል! እኔ እኮ በራሴ ምድጃ የማበስል ሴት ነኝ፤ ድርሻ ደግሞ በምድጃ ነው የሚቆጠረው። ሥጋው ይቅርብኝ፣ እንደሌለሁ መቆጠሬ አንገበገበኝ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሳሁት።

በነሐሴ የዱር ፍሬ ልለቅም ወጥቼ አራተኛው ሐይቅ ዳር ካለችው ጎጆ አደርኩ። ጎጆዋ የመንገደኛ ሁሉ ናት። ያደረባት ሰው ሲወጣ ምድጃዋን ደረቅ ፍልጥ ይሞላል፣ የዛፍ ቅርፊት ከሥሩ ይጎሰጉሳል፣ ክብሪት ያስቀምጣል። የሚቀጥለው እንግዳ መጫር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የሚቀጥለው ማን እንደሆነ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ። የራሱን ይፍለጥ አልኩና ምድጃውን ባዶ ትቼ ቀዘፍኩ።

ሩቅ አልሄድኩም። እናቴ «ምድጃ ስም አይጠይቅም» ትል ነበር፤ ትዝ ስትለኝ አፈርኩ። ተመልሼ ፈለጥኩለት። በእያንዳንዷ ፍልጥ ላይ አንድ ስድብ አሳርፌባታለሁ፣ አልዋሽም።

በመስከረም አጋማሽ እዚያው ሐይቅ ላይ አምብሮዝን ነፋስ ገለበጠው። ታንኳውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ዳር ወጣ እንጂ ጓዙንና መጥረቢያውን ውሃ በላው። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርድበታል። ጎጆዋ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት በሩን በክርኑ ነው የከፈተው። ክብሪቱን በሁለት መዳፉ መሃል ይዞ ሲጭር ሦስቱ ተሰበሩበት። አራተኛው ያዘለት፣ ቅርፊቱም ቦግ አለ።

ሲመለስ ቤቱ እንኳ ሳይገባ እኔ ደጃፍ መጣ።

«እትዬ ሮዳ፣ እንደ ጣት አቅጥኖ የሚፈልጥ ካንቺ በቀር የለም። ወፍራም ቢሆን ኖሮ አይቀጣጠልልኝም ነበር። ነፍሴን አተረፍሽልኝ።»

አመስግኖኝ ሲያለቅስ መዋሸት አቃተኝ። «ላንተ ብዬ አይደለም» አልኩት። «ተናድጄብህ ባዶውን ትቼው ሄጄ ነበር።»

«ተመለስሽ አይደል?» አለኝ።

ከዚያ ነው የሥጋውን ነገር የነገርኩት። ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ ምስኪን፣ ጭራሽ አያውቅም ነበር። ሻይና ቂጣ አቀረብኩለት፤ ቂጣዬን ሙልጭ አድርጎ በላብኝ።

በጥቅምት ሌላ አጋዘን ጥሎ ከሁሉ አስቀድሞ ለእኔ አፍንጫውን ይዞልኝ መጣ፤ እኛ ዘንድ ለታላቅ የሚሰጠውን ምርጥ ሥጋ። በደስታ በላሁ። ስጸልይ ግን መጀመሪያ ፈጣሪን የማመሰግነው ያን የነሐሴ ቀን ታንኳዬን ስላዞረልኝ ነው።