ሁለት ዓይን ያላት እናት

ኮሚክ ቤት እከፍታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ባሕር ዳር፣ ፔዳ አጠገብ ባለው ግቢዬ ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን አከራይ ነበር። አንድ ህንዳዊ መምህር ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙ ካርቶን ኮሚክ፣ በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ፣ ትቶልኝ ሄደ። ለቆሎ ሻጮች መጠቅለያ እንዲሆን ልሰጠው ካርቶኖቹን በር ላይ ካወጣሁ በኋላ አንዱን አንሥቼ ገለጥሁት። ቆሜ ጀመርሁት፣ ተቀምጬ ጨረስሁት። ካርቶኖቹን መልሼ አስገባሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ አልነበረኝም። በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል ከፈትሁ፣ መደርደሪያ አስመታሁ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አስገባሁ። ሰው መጽሐፉን እዚያው ተቀምጦ ያነባል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም። መጀመሪያ ላይ ፈቅጄ ነበር፤ የተመለሰው ሁሉ ወጥ ጠብ ብሎበት ነው የተመለሰው።

ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሰፈሩ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጂ እላቸዋለሁ። በከፈትሁ ሰሞን በር ላይ ቆመው አዩኝና፣

«እትዬ፣ በስተርጅና የልጅ መጽሐፍ?» አሉ።

«እርስዎስ ሐጂ፣ በስተርጅና የሙሽራ ልብስ ይሸጡ የለ?»

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ሆኑ።

ብሎግ የሚባለውን የኢንተርኔት ገጽ የከፈተችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። «አክስቴ፣ ለእኔ በስልክ የምትነግሪኝን እዚያ ጻፊው» አለችኝ። ጻፍሁ። ያነበብሁትን ኮሚክ እተርካለሁ፣ ያልገባኝንም እጠይቃለሁ። ለምሳሌ በአንዱ የሥዕል ሳጥን ሰውየው በር ላይ ቆሟል፤ በሚቀጥለው ሳጥን ተቀምጦ ይበላል። ማን ግባ አለው? እጁን ማን አስታጠበው? እንዲህ ያለውን እጽፋለሁ። ማን እንደሚያነበው አላውቅም። ከግርጌ የአንባቢውን ብዛት የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሐጂ «ግማሹ እርስዎ ራስዎ ነዎት» ይሉኛል። ሳይሆን አይቀርም። የጻፍሁትን ደግሜ ደግሜ እከፍተዋለሁ።

መሪጌታን ያወቅሁት በዚሁ አግዳሚ ነው። ጣና ላይ ያለችው የደቅ ደሴት ሰው ናቸው፤ ለአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ይሥላሉ። ቀለም ሊገዙ በጀልባ ይመጡና ከቤቴ ጀርባ ዘመድ ዘንድ ያድራሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም። ሥዕሉን ብቻ እያዩ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ይጨርሱታል።

የመጀመሪያ ቀን ያነሡት ስለ አንድ ጀግና የሚያወራውን ነው። ጀግናው ከተማ ያድናል፣ ሕፃን ከእሳት ያወጣል። መሪጌታ ገጹን እየገለጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ይሄ ሰውዬ መጨረሻው ላይ ይከዳቸዋል» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ይኸው፣ ባንድ ዓይኑ ነው የተሣለው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ከሃዲና ሰይጣን ግን በጎን ይሣላሉ፣ በአንድ ዓይን። መሪጌታ መጽሐፉን እስከ ማብቂያው የጀግናውን ክህደት እየጠበቁ አነበቡት። ሳይከዳ ሲያልቅ ተቆጡ።

«ሠዓሊው ነው የከዳው» ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱት።

ግን መምጣት አልተዉም። በቀጣዩ ዓመት አንድ ቀን በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው ከፊቴ አኖሩ። ራሳቸው የሣሉት ኮሚክ ነበር፣ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ፣ ጽሑፉ በቀይና በጥቁር። የደሴት ልጅ እንጨት በታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይመጣል፤ ሐይቁ ዳር አንድ ደላላ ያታልለዋል፤ እናቱ ከደሴቱ ሆና ትጠብቃለች። ደላላው በአንድ ዓይን ነው። እናቱ በየገጹ ሁለት ዓይን አላት። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት መሐል ላይ ተቋርጧል። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ከራሱ ፈጥሮ አይሥልም። እናታቸውን እንደሣሉ ገባኝ፤ አልጠየቅኋቸውም።

አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት አንባቢዎቼ ወደዱት፣ ሳቁም። እናትና ልጅ ሲነጋገሩ አይተያዩም፤ ሁለቱም ወደ እኛ ነው የሚያዩት። ሐጂ «የሰርግ ፎቶ ይመስላል» አሉ። እኔም ገጾቹን በስልኬ እያነሣሁ፣ መሪጌታን አስፈቅጄ፣ ብሎጉ ላይ አወጣኋቸው።

አንዲት ሴት ከታች ጻፈችልኝ። አዲስ አበባ መጻሕፍት እንደምታሳትም፣ ይህን ኮሚክም ልታሳትመው እንደምትፈልግ ገለጸች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ልጁ ታንኳው ላይ ሲወጣ እናቱ የምትሰናበተው ገጽ ላይ ሁለቱ አንድ ጊዜ ይተያዩ፤ አለዚያ አንባቢ አያለቅስለትም አለች። ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ስለያዘላት ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልስ ትፈልጋለች።

መሪጌታ ሲመጡ አነበብሁላቸው። ልታሳትመው እንደምትፈልግ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ደግሜ እንዳነበው ጠየቁኝ። ቀሪውን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ።

«እንዲተያዩ ፊቷ በጎን ይሁን ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«ባንድ ዓይን?»

ሐጂ ጣልቃ ገቡ። «መሪጌታ፣ ወረቀት እኮ ናት።»

«ሐጂ፣ እስቲ የእናትዎን መልክ ይንገሩኝና ባንድ ዓይን ልሣላት?»

 ሐጂ ተነሡና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

መሪጌታ ለእኔ «አርባ ዓመት ሥያለሁ። የሣልሁበት ግድግዳ ላይ ስሜ የለም፣ መኖርም የለበትም። ይህቺ ግን ብትታተም ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። እምቢ ይበሉልኝ አላሉኝም፣ እሺ ይበሉልኝም አላሉኝም። አስቤ እመጣለሁ ብለው በጀልባ ሄዱ። እኔም ለሴትየዋ ትንሽ ታገሽን ብዬ ጻፍሁ።

በዚያው ሳምንት ኢንተርኔቱ ጠፋ።

መጀመሪያ ስልኬ የተበላሸ መሰለኝ። የሁሉም እንደሆነ ሐጂ ነገሩኝ። መደወል ይቻል ነበር፤ ለማን ልደውል? ሴትየዋ ስልኳን አልጻፈችም። ስሟንም አልጻፈችም። በስሟ ቦታ ያለው የአበባ ሥዕል ነው።

«ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለኝ» አሉ ሐጂ። «ደብዳቤ ይጻፉና ይዞላት ይሂድ።»

«ለማን ብሎ?»

«ለአሳታሚዋ።»

«የትኛዋ ብሎ ይጠይቅ? አበባዪቱ?»

ሐጂ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም መንገዱን ማየት ጀመርን። የእህቴን ልጅ ደውዬ ጠየቅኋት። እሷም እኛው ክልል ውስጥ ናት፤ የእሷም ጠፍቷል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ፈልጌ በብሎጉ በኩል እንዲጽፍ አደርጋለሁ አለች። ሰውየው ጽፎ እንደሆነ፣ ሴትየዋም አይታው እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ የለንም።

የደቅ ጀልባ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። መሪጌታ የመጡት ጾሙ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። ላስቲኩን ፈትተው አንዲት ገጽ ብቻ አወጡ።

ልጁ ታንኳው ላይ ቆሟል፣ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኖቹ ወደ እናቱ ያያሉ። እናቱ እኛ ባለንበት በኩል ዳር ላይ ቆማለች፤ የሚታየን ጀርባዋ ነው። ነጠላዋ፣ ሹሩባዋ፣ ወደ ላይ የተነሣ አንድ እጇ። ይተያያሉ። ዓይኗ ግን አልተቆረጠም።

«ጀርባ አንሥልም፤ ነውር ነው» አሉ መሪጌታ። «ከዚህ ከእርስዎ መጻሕፍት ነው የተማርሁት። ለአሳታሚዋ ይበቃት ይሆን?»

«ይበቃታል» አልሁ። ሐጂም አይተው «ይበቃታል» አሉ፤ ሌላ ቀልድ አልጨመሩም።

ገጹን በስልኬ አነሣሁት። መላኪያውን ተጫንሁ። ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። መሪጌታ አጠገቤ ቆመው ክቧን ያያሉ።

«ሄደ?»

«ገና ነው።»

ትንሽ ቆይተው፣ «አሁንስ?»

ስልኩን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ የጀልባው ሰዓት እስኪደርስ ድረስ። ከዚያ መለሱልኝ፤ ወረቀቱንም እኔ ጋ ተዉት።

ጾሙ ገባ። በየማለዳው ሱቁን ስከፍት መላኪያውን እጫናለሁ። ይህንንም የጻፍሁት ለብሎጉ ነበር፤ በወረቀት ቀርቷል። ገጿን ከሌሎቹ ጋር አላደረግኋትም፤ አግዳሚው ትይዩ ግድግዳው ላይ አለች። አንባቢ ሁሉ ቀና ብሎ ያያታል። ትናንት አንዲት ተማሪ እናትየዋ ፊቷ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀችኝ። የፊተኞቹን ገጾች አውጥቼ ሰጠኋት።

ከደቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሬ ላይ ይቆምና፣ «መሪጌታ፣ ‹ሄደ ወይ?› ብለዋል» ይለኛል።

«ገና ነው በልልኝ» እለዋለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።